ለወንድሟ የለቀቀችው ንግግር

በሳሞአ ዋና ከተማ በአፒያ ባለው የውኃ ምርመራ ቤት ስለ ፉአቲኖ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ዝምተኛ ናት። ዝምተኛ ትሁን እንጂ ሞኝ አይደለችም። የተመረቀችው በኬሚስትሪ ሲሆን፣ የዋና ትምህርቷ ግሬድ ከላይ እስከ ታች ኤ ነው። ከዚያ ውጭ ያሉት ኮርሶች መካከለኛ ሲሆኑ፣ አንዲት ዲ አለችባት። በምን ኮርስ መሰላችሁ? በሳሞአ የአደባባይ ንግግር! ዓሣ በዋና ፈተና ወደቀ እንደማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ንግግር አዋቂዎቻችን መጀመሪያ “እኔ ልናገር፣ እኔ ልናገር” ተባብለው ይከራከራሉ፤ የረታው ተነሥቶ ይናገራል። መምህሩም ተማሪዎቹን ለፈተና ሁለት ሁለት አድርገው አቆሟቸው። ለፉአቲኖ የደረሳት ፔሳሚኖ ነበር። ፔሳሚኖ የአጎቷ ልጅ ነው፣ አንድ ቤት አድገዋል፤ እኛ ዘንድ ይህ ወንድም ነው። እህት ደግሞ ከወንድሟ ጋር በአደባባይ አፍ አትካፈትም። ስለዚህ ክርክሩ ገና ሲጀመር “ወንድሜ ይናገር” ብላ ቁጭ አለች። እሱ የመንደራቸውን ንግግር አንበለበለውና ኤውን ወሰደ።

መምህሩ በኋላ ለብቻዋ ጠሯት።

“ልጄ፣ ያደረግሽው ደንብ ነው። እናትሽ ብታይሽ ትኮራብሽ ነበር። ግን ምኑ ላይ ማርክ ልስጥሽ?”

“እንደ ፈቀዱ” አለች።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ለካስ ማርክም አይገባም።

“ከዋና ትምህርቴ ውጭ ነው፣ ማን ያየዋል?” ብላ ተወችው። ለፔሳሚኖም ትንፍሽ አላለችም። ዓመታት አለፉ። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሕፃናት በተበከለ ውኃ ይታመማሉ፤ እሷ ደግሞ ከባዱን ምርመራ እዚህ የሚሠራው ስለሌለ ናሙና ወደ ውጭ እየላከች መልስ ትጠብቃለች። መጠበቁ አንገሸገሻት። ሙያውን ተምራ ልትመለስ አውስትራሊያ፣ ብሪስበን ለሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ማመልከቻ አስገባች። መራጮቹ ግን የሚያዩት ኬሚስትሪዋን ብቻ አልነበረም። ሁሉንም ኮርስ ሲደምሩ ያቺ ዲ አማካዩን ጎትታ ከመግቢያው ነጥብ ትንሽ ዝቅ አደረገችው። ሆኖም ሥራዋን ስለ ወደዱት “በቪዲዮ ቅረቢና ስለ ዲዋ አስረጂን” አሏት።

“ታምሜ ነበር በያቸው” ስትል መከረቻት አለቃዋ ሌአታ። “ማን ሐኪም ጠርቶ ይጠይቃል?”

“እግዜርስ?”

“እግዜር እዚያ ኮሚቴ ውስጥ የለም፣ አንቺ ልጅ!”

ቤቷ ኔትወርክ የለም። ስለዚህ የቀረበችው ከፔሳሚኖ ሱቅ ነበር። ምስኪኑ ወንድም ወንበሩን ወለወለላት፤ ዶሮዎቹን አባረረ፤ ዘይት ልትገዛ የመጣች ጎረቤቱንም “ዝግ ነው! እህቴ ከፕሮፌሰሮች ጋር ናት!” ብሎ መለሳት። ከዚያ መጋረጃው ኋላ ቆሞ ጆሮውን ጣል አደረገ።

ከመራጮቹ መካከል ያሉ አንዲት ሽበታም ፕሮፌሰር ስለ ዲዋ ጠየቋት። ፉአቲኖ መዋሸት አልሆነላትም፤ ለወንድሟ እንደ ለቀቀች ነገረቻቸው። መጋረጃው ኋላ ሳል ተሰማ። ሌሎቹ መራጮች ፈገግ አሉ፣ ሽበታሟ ግን ፈገግ አላሉም።

“መልካም ሰው ነሽ” አሉ። “እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የምታከብሪው ሰው ተሳስቶ ብታገኚው፣ ያኔም ቁጭ ትያለሽ?”

መልሱን ታውቀዋለች፤ የሚሰማት ሰው ነው የከበዳት።

“ያን ቀን ወንድሜ ተሳስቶ ነበር” አለች።

ሳሉ ቀጥ አለ።

“የመንደራችን ቤተሰቦች የማዕረግ ስም በደረጃቸው ተራ ይጠራል፤ እሱ ግን ኋላ የሚመጣውን አስቀደመ። መምህሩ የሌላ ደሴት ሰው ስለሆኑ አላስተዋሉም። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። በዚያ ማንም አልታመመም። ውኃን ግን ሕፃናት ይጠጡታል። በውኃ ነገር ለወንድሜም አልለቅም። ይኸው፣ መጋረጃው ኋላ ቆሞ እየሰማኝ ነው።”

ሲጨርሱ ፔሳሚኖ ብቅ አለ። አላያትም። የዓሣ ቆርቆሮዎቹን ከመደርደሪያው እያወረደ መልሶ ይደረድር ጀመር። እሷም “ዲዬን ልፍቅ ብዬ ወንድሜን በባዕድ ፊት አዋረድኩት” ብላ እያለቀሰች ቤቷ ገባች። እኔ በበኩሌ አልፈርድባትም፤ ግን ማን ሰምቷት!

“ተቀብለንሻል” የሚለው መልስ ሲመጣም ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። ፔሳሚኖ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷን ረግጦ አያውቅም።

የስንብቱ ምሳ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሆነ። ጎደሬው ከኮኮናት ወተቱ ጋር ተዘጋጅቶ፣ ሽማግሌዎቹ በየቦታቸው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ስንብቱን የሚናገረው ፔሳሚኖ ነው፤ ዛሬ የቤተሰቡ ንግግር አዋቂ እሱ ነው። ዘግይቶ መጣ፤ ሰላም አላላትም። ተነሥቶ የመንደሩን ማዕረግ በየተራ መጥራት ጀመረ። ያኔ የተሳሳተበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ቀና ቀና አሉ።

ፔሳሚኖ ወደ ፉአቲኖ ዞረ።

“እህቴ፣ ማን ይቀድማል?”

ስሞቹ ጠፍተውት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ካደገ ወዲህ ስንቴ ጠርቷቸዋል። ያ ሁሉ ሽማግሌ እየሰማ ሁለቱን ስሞች በቅደም ተከተላቸው ጮክ ብላ ጠራች።

እሱም እሷ እንዳለችው ደገማቸውና ንግግሩን ቀጠለ።