የመርፌው ወንበር

መርፌው ይሉታል። እንዴትስ አይሉት! ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት መርፌ ይዞ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ያለችን ድቡልቡል አረንጓዴ አልጌ ሳያፈነዳ የሚወጋ እጅ በቤተ ሙከራው የእሱ ብቻ ነበር። አልጌዋ እኮ ሁለመናዋ አንድ ህዋስ ነው፤ ከፈነዳች አበቃላት። መርፌው ደህና ከገባ ግን በስስ ሽፋኗ ውስጥና ውጭ ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነት በስክሪኑ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ያቺ ነጥብ የምታህል ፍጥረት ባትሪ ናት ብላችሁ ታምናላችሁ? እመኑ!

ምን ያደርጋል፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኃላፊዋ ዶክተር ትከሻውን መታ አድርጋ፣ “አንተ፣ ለጊዜው አልጌዎቹን አርባልን፤ ወንበሩን ለአዲሷ ልጅ ልቀቅላት” አለችው።

ልጅቷ በመጀመሪያው ሙከራዋ ወጋች። ህዋሷ አልፈነዳችም። “እጅሽ ይባረክ!” አሏት ሁሉም። የመርፌው አንጀት እርር ድብን አለ።

“ወንበሬ ላይ ትራስ አድርጋበታለች!” አለ ቤቱ ሲገባ።

“ትራስ ወንጀል ሆነ እንዴ?” አለች ሚስቱ።

“የኔ ጀርባ ባረፈበት?”

“ወይ ጉድ! በኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቀንተህ ብታውቅ ምን ነበረበት!”

መርፌው ግን ቆርጧል። ልጅቷ አንድ ስህተት ብትሠራ ወንበሩ ይመለስለታል። ስለዚህ ጠርሙስ ሊያነሳ፣ ጨርቅ ሊፈልግ እያለ ከኋላዋ ይቆማል፤ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። አንድ ቀን ታዲያ፣ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረው መስመር ቁልቁል ወረደ፤ ቆይቶ ደግሞ ቀስ እያለ ተመለሰ። ደስታው! ልቡ እልል አለች።

“ልጄ፣ መርፌሽ ሳይላላ አይቀርም” አላት አዛኝ መስሎ።

“ኧረ ጥብቅ ብሏል፣ ጋሼ።”

ሄዶ ሲመለስ መስመሩ እንደገና ወረደ። ሦስተኛም ሲመጣ እንደዚያው። በደስታ ሮጦ ዶክተሯን ጠራት።

ዶክተሯ መስመሩን አየችና ዓይኗ በራ። “ይሄ ብልሽት አይደለም! ብልሽት በዚህ ወግ ወርዶ በዚህ ወግ አይመለስም። ህዋሷ ውስጥ ካልሲየም ከፍ ሲል የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ፖታሲየሙ ሲወጣ መስመሩ ይወርዳል። ግን ካልሲየሙን ማን ቀሰቀሰው? ልጄ፣ ትልቅ ነገር ሳታገኚ አልቀረሽም! ከዚህ ወንበር እንዳትነሺ!”

መርፌው ከኋላቸው ቆሞ ይሰማል። ይኸኔ ነው ያየው። ከጀርባው ያለው መብራት የጭንቅላቱን ጥላ አልጌዋ ያለችበት ሳህን ላይ ጥሎታል፤ መስመሩም እየወረደ ነው። ወደ ኋላ አለ። ጥቂት ቆይቶ መስመሩ ወደ ላይ ማቅናት ጀመረ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ውዳሴው ለሷ፣ ጥላው የእሱ? እንዴት ይቻላል!

“የኔ ነው!” ብሎ ጮኸ።

“ምኑ?” አለች ዶክተሯ ደንግጣ።

“ጥላው! እኔ እዚህ ስቆም አልጌዋ ይጨልምባታል፤ ያኔ ነው የሚወርደው!”

ልጅቷ የጧቱን መስመር ወደ ኋላ መለሰችው፤ በየመካከሉ ጎድጎድ፣ ጎድጎድ ይላል።

“ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እርስዎ ነዎት?”

“ለመሆኑ እዚያ ቆመህ ምን ትሠራ ነበር?” አለች ዶክተሯ። መርፌው ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሁለቱም ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ወንበሩ አልተመለሰለትም። የመብራቱን ማጥፊያ ግን ሰጡት። አሁን ልጅቷ ትወጋለች፣ እሱ ያጨልማል፤ መስመሩ በወረደ ቁጥርም ደረቱን ይነፋል።

“አየሽ? ይቺ የኔ ናት።”

“የወጋኋት እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሼ።”

“ባላጨልምላት ምን ታሳይሽ ነበር?” ይላታል ወንበሩን በጎን እያየ።