ለድምፅ የተሠራ ቤት

መተማ ዮሐንስ ላይ ሚያዝያ ሲገባ ሰው ሁሉ ለሚወደው ነገር ጥላ ይፈልጋል። አንዱ ለከብቱ፣ አንዱ ለቲማቲሙ፣ አንዱ ለሞተር ብስክሌቱ። መምህርት የትናየት ሸዋዓለም ጥላ የምትፈልገው ለድምፅ ነበር።

የሰሊጥ አጫጆች ድምፅ ነው። የትናየት የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ከጎንደር ተመድባ ወደዚህ ቆላ ከወረደች ሰባት ዓመቷ። በመጣችበት ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች በተከራየችው ቤት በረንዳ ጥግ አረፍ ብለው ሲያንጎራጉሩ ሰማች። ስልኳን አውጥታ ቀዳች። ያን ቀን የያዛት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። አጨዳ በደረሰ ቁጥር እሑድ እሑድ በረንዳዋን ትከፍታለች፤ ውሃ ታቀርባለች፤ ጎጃሜውም ወሎዬውም ይመጣል፤ እነሱ ይዘፍናሉ፣ እሷ ትቀዳለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ሰው ጎጆ ሲያደራጅ የትናየት የሰው እንጉርጉሮ ታደራጃለች» እያሉ ይቀልዱባታል። ስቃ ወደ መቅዳቷ ትመለሳለች።

ከዚያ ሁሉ ድምፅ ግን አንዱ ይለያል። የጎጃሙ ጋሽ እንዳለው ከአራት ዓመት በፊት የአጨዳው መሪ ዘፋኝ ነበሩ። እሳቸው ሲያወርዱት ሌላው ይቀበላል፤ የሃምሳ ሰው ማጭድ እንደ አንድ ማጭድ ይሄዳል። የትናየትም እርሻው ድረስ ወርዳ ቀድታቸዋለች።

ማጭዴን ስዬ ስዬ ገባሁ ከሰሊጡ፣
ለልጄ ድግስ ነው የወገቤ ምጡ።

በማግስቱ ዓመት ጉሮሯቸው ታመመ። ጎንደር ሄደው በቀዶ ሕክምና እጢ ወጣላቸው፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን ላይመለስ ሄደ። አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። ከአጨዳ ግን አልቀሩም፤ ነዶ ሲያስሩ ይውላሉ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ወደ የትናየት ጆሮ ጠጋ አሉ። «እቴ መምህርት፣ ያ ድምፄ አንቺ ዘንድ አለ?»

«አለ ጋሼ። አስቀምጬልዎታለሁ።»

«በዘንድሮው ጥር ሳይሆን በሚመጣው ዓመት ጥር ልጄን እድራታለሁ። አባትሽ ሳይዘፍንልሽ ከቤት አትወጪም ብያት ነበር፤ ገና ሕፃን ሳለች።»

ካሌብ የሚባል በዚያ ዓመት ገና የመጣ አፈኛ የወሎ ወጣት ሰምቷቸው ኖሮ «ጋሼ፣ እርስዎ ዘፋኝ ከነበሩ እኔም አውሮፕላን አብራሪ ነበርኩ፤ ጉልበቴን አሞኝ ነው ወደ ሰሊጥ የወረድኩት» አለ። በረንዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ እንዳለውም ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን የትናየት ላይ ነበር። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ድምፁን የምታሰማበት የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕም ባትሪው አልቋል።

«በሚመጣው ጥቅምት ይህ ሁሉ ሰው ይሰማዎታል» አለቻቸው። እሳቸውም አጨዳው ሲያልቅ ሹክሹክታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ።

ሚያዝያ ላይ፣ ድምፁ ሁሉ ያለበት አንድ ለእናቱ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ዲስኩ ሊሞት መሆኑን ይረዳል። የትናየት በየማለዳው፣ አየሩ ሳይግል፣ ጥቂት ጥቂት እየቀዳች ወደ ትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ አሻገረችው። በዘጠነኛው ቀን ዲስኩ ዝም አለ። ከጠፋው የተረፈው ይበልጣል፤ የጋሽ እንዳለው ድምፅ ከተረፈው ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ግን ለፈተና ዝግጅት መመለስ አለበት።

ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪው የሚላት አልጠፋም። እዚህ ኢንተርኔት አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ቤቷ ውስጥ የራሷን ሰርቨር ልትሠራ ቆረጠች፤ ሁለት ዲስክ የተሸከመች፣ ሁልጊዜ የነቃች ትንሽ ኮምፒውተር። አንደኛው ዲስክ ላይ የተቀመጠው ሁለተኛውም ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይናገራል። በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛም ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በቤቷ ዋይፋይ የራሱን ዘፈን ወደ ስልኩ ይወስዳል።

በመጀመሪያው ግዢ ትልቅነት አሳሳታት። የጎንደሩ የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ ስንሻው ከቢሮ የወጣች አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት ግዙፍ ዲስኮች ላከላት፤ ሰፊ፣ ፈጣን፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ መንታ። ፈጣን ዲስክ ግን ይግላል፤ መተማ ደግሞ የራሷ ሙቀት ይበቃታል። በሁለተኛው ቀን ዲስኮቹ ሃምሳ ስምንት ዲግሪ ደረሱ።

እዚህ አገር ውሃ የሚቀዘቅዘው ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ አልብሶ ነፋስ ላይ በማቆም ነው። የትናየትም ሰባት ዓመት ሙሉ ያየችውን አደረገች፤ ሰርቨሯን እርጥብ ጆንያ አለበሰቻት። ሙቀቱ አሥራ አንድ ዲግሪ ወረደ። ያን ቀን ክፍል ገብታ ስለ ትነት ስታስተምር አነጋገሯ ሁሉ ዘፈን ዘፈን ይል ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከድንበሩ ማዶ ተነሣ። ሰማዩ የጡብ ቀለም ያዘ። አቧራው ከጆንያው እርጥበት ጋር ተላቁጦ ጭቃ ሆነ፤ ማራገቢያው ጭቃ ጎረሰ፤ ቀድሞም እርጥበት የበላው የአንዱ ዲስክ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዱ መንታ ሞቶ ጠበቃት። በላፕቶፑ ላይ የነበረውን ቅጂ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አጥፍታ አስረክባለች። የሰባት ዓመት እንጉርጉሮ፣ የአንድ አባት ቃልና የአንዲት ሙሽራ መውጫ በአንድ የጋለ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፈጥና የመብራት ገመዱን ነቀለችው።

ጎረቤቷን ሙኽታርን ጠራችው። ሙኽታር ትራክተር ጠጋኝ ነው፤ ከሱዳኖች ጋር ሲሠራ ስለኖረ መምህርት አይላትም፣ ኡስታዛ ነው የሚላት። ገብቶ ጭቃውን በጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ኡስታዛ፣ ይሄን ጆንያ ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«ብርድ ልብስስ ልደርብለት?»

«ቀዝቅዞ ነበር እኮ!»

«አዎ፣ ሬሳም ይቀዘቅዛል።» ቁጢጥ አለና ወደ ማራገቢያው አጎነበሰ። «አብደራፊ እርሻ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ትራክተር ጠግኛለሁ። ትራክተር አቧራ ውስጥ ነው የምትውለው። ውሃ ስናለብሳት አይተሽ ታውቂያለሽ? አፏን ነው የምንጠብቀው። የምትስበውን አየር ካጣራንላት በኋላ እንደልቧ ትተንፍስ።»

የትናየት ጆንያውን ገፍፋ ጣለችው። «ፊዚክስ የማስተምረው እኔ ነኝ ይላሉ» አለች።

«አንቺ አስተምሪ፤ እኔ ልጠግን።»

በዚያው ሳምንት ወረቀትና እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያላትን ለካች። የሰባት ዓመት ድምፅ ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ቴራባይት እንኳ አልሞላም። ለካስ የሰው ድምፅ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ የሚሞላው ልብን ነው። ስንሻው ጋ ደወለች።

«መምህርት፣ አሁን ደግሞ ስምንት ቴራ ገብቶልኛል፤ እንደ መብረቅ ነው።»

«ቀርፋፋውን ስጠኝ።»

«መስመሩ ይቆራረጣል፤ ምን አልሽ?»

«ቀርፋፋ፣ ትንሽ፣ የማይግል። ሁለት ቴራ ይበቃኛል። አንድ ብቻ ላክልኝ።»

«ሁለት አልነበር እንዴ የምትፈልጊው?»

«ሁለተኛውን ከሌላ ሱቅ፣ የሌላ ፋብሪካ ሥራ እገዛለሁ። መንቶችህ አብረው ተወልደው አብረው ሊሞቱብኝ ነበር።»

ስንሻው ሳቀ። «ሃያ ዓመት ስነግድ ቀርፋፋ ዕቃ ምረጥልኝ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሙኽታር ሣጥኗን ከላሜራ በየዳት። ከበሰበሰው ጆንያ ፈንታ በአንድ ጎኗ የትራክተር አየር ማጣሪያ ገጠመላት፤ ከበስተኋላ ቀስ ብሎ የሚዞር ሰፊ ማራገቢያ አደረገላት። መብራት ሲጠፋ የምትጠባው የትራክተር ባትሪ ከሥሯ አስቀመጠላት። ከምድጃውም ከውሃ ጀሪካኑም አርቀው፣ ከሰው ራስ ከፍ አድርገው ግድግዳው ላይ ሰቀሏት።

ሰኔ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የትናየት የተረፈውን መንታ ከአዲሶቹ ጋር አገናኘችው። ድምፆቹ አንድ በአንድ መሻገር ጀመሩ። ረፋዱ ላይ ከተማው አርባ ዲግሪ ገባ። የዲስኩ ሙቀት ሠላሳ ስምንት፣ አርባ፣ አርባ ሁለት፣ አርባ አራት። እሷ ትቆጥራለች። አርባ አምስት ላይ ቆመ። በዚያው ቆሞ ዋለ። አሥር ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ዘፈን ገባ። ወዲያው ሦስተኛ ቅጂ በትንሽ ዲስክ አደረገችና ሳንጃ ለምትኖረው ነርስ እህቷ ለዝናሽ ላከች፤ ልብስ ሣጥንሽ ውስጥ አኑሪልኝ ብላ።

ሙኽታር በመስኮት ብቅ አለ። «ትንፋሿ እንዴት ነው?»

«እንደ ትራክተሮችህ።»

ክረምቱ አለፈ፤ ሰሊጡ ጎመራ፤ ጥቅምት ገባ። በመጀመሪያው እሑድ በረንዳው ሞላ። ጋሽ እንዳለው ከደረጃው ጫፍ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ወደ በሩ ላኩት። ካሌብም መጥቷል፤ አፉም አብሮት መጥቷል።

«አብራሪው መጣሁ፤ ዘፋኙ የት አሉ?»

የትናየት ከቤት ወጣች። ድምፅ ማጉያውን በረንዳው ላይ አኖረችና ስልኳን ነካ አደረገች።

መጀመሪያ የማጭድ ኮሽታ ተሰማ፤ ቀጥሎ የነፋስ። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ፤ ሰፊ፣ ሙሉ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር የሚያለብስ። «ማጭዴን ስዬ ስዬ...» የካሌብ ሳቅ ጉንጩ ላይ ደረቀ። ጋሽ እንዳለው አንገታቸውን ደፉ፤ ከንፈራቸው ግን ከድምፁ ጋር እየሄደ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ሲወድቅ፣ ማንም ሳያዘው፣ በረንዳው በሙሉ ተቀበለ። ጎጃሜው ተቀበለ፤ ወሎዬው ተቀበለ፤ በመንገድ የሚያልፈው የጭነት መኪና ረዳት ቆሞ ተቀበለ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ካሌብ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለ። ከዚያም ቀና ብሎ በራሱ ዜማ አወረደው፦

ሙቀቱም አልጣለው፣ አቧራም አልበላው፣
ድምፁ ቤት ሠርቶለት ገባልን እንዳለው።

ሆ አለ በረንዳው።

ጋሽ እንዳለው ስልካቸውን ለየትናየት ዘረጉላት። ዘፈኑ ከግድግዳው ሣጥን ወጥቶ በዋይፋይ ወደ እጃቸው እስኪገባ ደቂቃ አልፈጀም። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ጠጋ ብለው ጆሮዋ ላይ ሹክ አሉ።

«በጥር፣ ልጄ ከቤት ስትወጣ፣ የዘፈነችልሽ እኔ ሳልሆን መምህርቷ ናት እላታለሁ።»

«አይሆንም ጋሼ» አለች የትናየት። «የዘፈነልሽ አባትሽ ነው ይበሏት።»

ሰኞ ማለዳ እርሻው ላይ አጫጆቹ ተርታቸውን ሲይዙ ካሌብ ጋሽ እንዳለውን ከነዶው ሥራ ጎትቶ ከፊት አቆማቸው። እሳቸው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ካሌብ አወረደው፤ የሃምሳ ሰው ማጭድ እንደ አንድ ማጭድ ሄደ።