ቀድሞ የገባ ጃንጥላ

ዕቅዴን የጻፍኩት ጊዜው ባለፈበት የክትባት ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ንጹሕ ወረቀት ብርቅ ነው። ከላይ «አሁን» ብዬ ጀመርኩ፤ ከሱ ሥር ዲግሪ፣ ከሱ ሥር የመግቢያ ፈተና፣ ከሱ ሥር ሕክምና፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ስጨርስ የሚሆነኝን ዕድሜ። የመጨረሻዋን ቁጥር ባየኋት ቁጥር ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ እከታለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አወጣዋለሁ፣ ቁጥሯ ቀንሳ የምትጠብቀኝ ይመስል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተን ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ጤና ኮሌጅ ገብቼ በዲፕሎማ ነርስ ሆንኩ፣ የብቃት ምዘናውን አለፍኩ፣ ከሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ዛሪማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ከዲፕሎማ ተነስቶም ሐኪም መሆን ይቻላል፤ መንገዱ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። ይህን ያወራሁት ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እንቁላሉ ስንት ዓመት እንደፈጀበት የነገረኝ ግን የለም።

አብራኝ የምትሠራው አዋላጅ ነርስ ወረቀቱን አንድ ቀን አየችብኝና ሳቀች። ሥራ አለሽ፣ ደሞዝ አለሽ፣ ሰው ያከብርሻል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አለችኝ። ተናደድኩባት። የተናደድኩት ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው።

እረፍት የነሳችኝ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ናት። በጠዋት በቃሬዛ አመጧት፤ ከኛ አቅም በላይ ሆነችና ደባርቅ ሆስፒታል ሪፈር ተባለች። ጉሉኮሷን ከፍ አድርጌ ይዤ አብሬያት በአምቡላንስ ወጣሁ። ሊማሊሞ ላይ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከፊታችን ገብቶ በየመታጠፊያው ያዘግማል። ባሏ «ዶክተር፣ ትተርፍልኛለች?» እያለ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። በኛ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ካርድ የሚያወጣውም ጭምር። ሆስፒታል ስንደርስ አልጋዋን እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል አስገቧት፤ እኔን ውጭ ጠብቂ አሉኝ። በሩ ተዘጋ፤ ከባሏ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ባሏ ግን የመረቀው እኔን ነው። ምርቃቱ አሳፈረኝ። ከበሩ ማዶ የተሠራውን ራሴ መሥራት ፈለግሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እንኳ ወጥቼ ወደ ጎንደር የሚያልፉትን አውቶቡሶች እቆጥራለሁ።

ለዲግሪ ለመመዝገብ ዋናው ዲፕሎማዬ ያስፈልግ ነበር። እሱ ያለው ደግሞ በደባርቅና በዳባት መካከል ባለው መንደራችን፣ በአባቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ምዝገባው ሊዘጋ አሥር ቀን ቀርቶታል። ሳጥኑን የሚከፍቱት አባቴ ብቻ ናቸው፤ ለምን እንደፈለግሁት መጠየቃቸውም አይቀርም። ለሦስት ዓመት የሸሸሁት ይህን ጥያቄ ነው።

አባቴ ገብስ አራሽ ናቸው። ልጅ ሳለሁ፣ ልጄ ሐኪም ከሆነችልኝ ለታቦቱ ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው ተሳሉ። ከኮሌጅ ስመረቅ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ፤ ጥቁሩን ካባና ቆቡን አዩ፣ በቃቸው። በቀጣዩ ንግሥ ሁለት ሙክት ሸጠው፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሙ። የደብሩ ቄስ «ልጃቸው ሐኪም ሆናላቸው ስለታቸውን አስገብተዋል» ብለው ለሕዝቡ ሲናገሩ እልልታው ቀለጠ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ነበርኩ። ነርስ ነኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ያን ቀን ባይሆን በማግሥቱ። ዝም ያልኩት ለአባቴ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ እልልታው ጣፍጦኝ ነው።

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ወቅት ስለነበር መኪና ለማግኘት ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ስደርስ ንግሡ ነው። ታቦቱ በዚያው ቀይ ጃንጥላ ሥር ዑደት ሲያደርግ ከኋላ ተከተልኩ። ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል። ሴቶቹ ዶክተር መጣች እያሉ መንገድ ሲለቁልኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ደጃፋችን ካለው ካብ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ቆምኩ። ዲፕሎማዬን እንዲያወጡልኝ ጠየቅኋቸው። ለምን አሉኝ። ለትምህርት አልኩ። ጨርሰሽ የለም ወይ አሉኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አባቴ ዳዊት የደገሙ ናቸው፤ በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ ጀምረው አነበቡ። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«ሕክምና እታች ነው» አሉ።

«አዎ። ገና ነኝ። እኔ ነርስ ነኝ፣ አባዬ። ያን ጊዜም ነርስ ነበርኩ።»

ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። ዓይናቸውን ወደኔ አላዞሩም።

«ታዲያ እኔ ታቦት ፊት ዋሸሁ?»

«እርስዎ አልዋሹም። እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ተነሱ፣ ዱላቸውን አነሱ፣ ወደ ቄሱ ቤት አቀኑ። ተከትዬ ልሂድ ብዬ እስከ አጥሩ ደረስኩና ተመለስኩ። ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እንስራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ውሃ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። ስለትዎን መልሰው ይውሰዱ ቢሏቸውስ? በሕዝብ ፊት ቢያሳፍሯቸውስ? ምዝገባውንም ሆነ ሕክምናውን በዚያች ሰዓት ብተወው አይቆጨኝም ነበር፤ አባቴ አንገታቸውን ደፍተው እንዳይመለሱ ብቻ ፈለግሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጡ። ከአንገታቸው ቁልፉን አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱ። ዲፕሎማዬ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ፈትተው፣ አቧራ ባይኖርበትም በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡኝ።

«ቄሱ ምን አሉ?» አልኳቸው።

«የገባ ስለት አይወጣም አሉ። እንግዲህ ጃንጥላው ቀድሞሻል፤ ድረሽበት።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ። ከዚያ ወረቀቱን ደግሞ ጠየቁኝ። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ከሁሉም ሥር ያለችውን ቁጥር በጣታቸው ነኩ። ምንድን ነች አሉ። ያኔ የሚሆነኝ ዕድሜ ነው አልኩ።

«የኔስ ያኔ ስንት ይሆናል?»

ይህን አስቤው አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ስደምርና ስቀንስ የራሴን ብቻ ነበር። በልቤ ቆጠርኩና ነገርኳቸው።

«በይ እንግዲያ አትቀመጪ» አሉኝና ሳጥኑን ቆለፉ።