አበባ እግር አለው እንዴ?

ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ እንጅባራ... ገና ፊቴን ሳልታጠብ «አበበ! አበበ!» የሚል ጩኸት ከእትዬ ሙሉ ቤት ሰማሁ። እትዬ ሙሉ አከራያችን ናቸው። አበበ ደግሞ አንድ ልጃቸው ነው። ከቤት ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈው... ስልኩም አይሠራም።

መጣ ብዬ በአንድ እግር ጫማ በረርኩ።

የምን አበበ! እትዬ ሙሉ መስኮቱ ሥር ያለውን ትልቅ ቅጠል ይዘው እልል ይላሉ።

«አበባው አበበ! ነይ እይልኝ አንች ልጅ!»

እኛ ሰፈር በተቆረጠ ጀሪካን የተተከለ ሁሉ ስሙ አበባ ነው። ይሄኛው ግን ቅጠል ብቻ ነው፣ በዕድሜው አብቦ አያውቅም። አበበ ሲወጣ «መቼ ትመጣለህ?» ቢሉት «ይሄ አበባ ሲያብብ» ብሎ ቀልዶባቸው ነው የሄደው። እሳቸው እንደ ቀጠሮ ያዙት።

ጠጋ ብዬ አየሁ። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። ቅጠሉ ይጣበቃል... ጉንዳን ተሰልፎበታል።

«ማርም ይዟል! ቅመሽው!»

ቀመስኩት። እውነትም ይጣፍጣል።

ከሰዓት ዳታ ስትመጣልኝ ጠዋት ያነሳሁትን ፎቶ ይዤ ስፈልግ... ተባይ ነው! ቅጠሉን እየመጠጠ የሚገድል ተባይ። ያ ማር ያልነውም ኩሱ ነው። መድኃኒቱ በአልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ በየሳምንቱ መድገም ነው። አንድ ከቀረ እንደገና ይፈላል።

ስመለስ እትዬ ሙሉ የአበበን ብርድ ልብስ አጥበው አጥሩ ላይ አስጥተዋል። ዶሮ ገዝተው በር ላይ አስረዋል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ዝም ይላል። እኔ አፌን መያዝ አልችልም... ከአሥረኛ ክፍል ያስቀረኝም እሱ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ተባይ ነው።»

«ምቀኛ! በልጄ መምጣት ቀናሽ?»

ከዚያ በአገውኛ ቀጠሉ። ሲናደዱ በአገውኛ ነው የሚሰድቡኝ። ግማሹ ስለማይገባኝ ግማሽ ስድብ ነው የሚደርሰኝ። ግማሹም ደሜን አፈላው። በክብሪት እንጨት አንዷን ነጭ አንስቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት።

«እንኩ! አበባ እግር አለው እንዴ?!»

ነጯ ነገር መሄድ ጀመረች። ቀስ እያለች እስከ አውራ ጣታቸው ደረሰች። እትዬ ሙሉ አዩዋት... ያኔ ቃሉን ወደ አፌ መመለስ ፈለግኩ።

«ብናጥበው ይድናል?» አሉኝ።

«እስከ ሥሩ ገብቷል... እንሞክራ። አንድ ከቀረ ግን እንደገና ይፈላል።»

አልኮል ከየት ይምጣ? ከአልጋው ሥር አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ አወጡ። «ለመምጫው ያስቀመጥኩት ነበር» አሉና ከፈቱት።

እኔ በበሩ በኩል ያለውን፣ እሳቸው በመስኮቱ በኩል ያለውን እያንዳንዱን ቅጠል ጠረግን። ቤቱ አረቄ አረቄ ሸተተ። እንዲስቁ ብዬ «እትዬ፣ ሰክሮ እንዳይዘፍን» አልኳቸው።

አልሳቁም።

ዛሬ ጠዋት ላየው ገባሁ። ግማሹ ቢጫ ሆኗል። በመስኮቱ በኩል ግን አንድ ቅጠል ላይ ነጩ እንዳለ ነው። ረስተውት እንዳልል ከላዩም ከታችም ያሉት ተወልውለዋል። ዶሮዋም አልተፈታችም።

ዞር ስል እትዬ ሙሉ ያዩኛል። አንድ ከቀረ እንደገና ይፈላል ብዬ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ።

«ሁሉንም... ጠረግነው አይደል፣ እትዬ?»

«ጠረግነው ልጄ።»

አስተማሪዎቼ በአሥር ዓመት ያላስተማሩኝን ዝምታ ተባይ በሦስት ቀን አስተማረኝ።