የአምሳለ ወንድም ነኝ ባይ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አምሳለን የማያውቃት ሐበሻ የለም። ከሰሊጥ ገበያው አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ሻይ ታፈላለች። ሻይዋ ማር ነው፣ ምላሷ ግን ሬት። ወንድሟ ጋረደውም ዘወትር ጧት መጥቶ ከአጠገቧ ካለችው የገመድ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ሻዩን ይጠጣል። እሷ ባሏን፣ እሱ ሚስቱን ቀብረዋል፤ ሁለቱም የልጅ ልጅ አይተዋል። የምንጣላ ልጆቻችንን ስንገሥጽ “እስኪ እንደ ጋረደውና እንደ አምሳለ ሁኑ” ነበር የምንል። እኔ ብርቱካን ጎረቤታቸው ነኝ፤ ይህን ስደጋግም ጉሮሮዬ ደርቋል። ስለዚህ ብናደድ አይፈረድብኝም።

ነገሩ የፈነዳው ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ነው። የአምሳለ የልጅ ልጅ ራሄል ለሥራ ካርቱም ከሄደች ገና መንፈቅ አልሞላትም ነበር። ስትሸሽ በተሳፈረችበት የጭነት መኪና ላይ አዛናው የሚባል፣ እዚያው ካርቱም ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ አጠገቧ ተቀመጠ። ወታደሮች “ምንሽ ነው?” ሲሏት “ባሌ ነው” አለች፤ ብቻዋን መሆኗን እንዳያውቁባት። መንገዱ ኬላ በኬላ ነው። በየኬላው “ባሌ ነው”፣ “ሚስቴ ናት” ሲባባሉ ገዳሪፍ ሲደርሱ ከምራቸው ተዋደው ነበር። ከመኪናው ወርደው እሷ ወደ አያቷ፣ እሱም ወደ አያቱ ሄዱ። የእሱ አያት ደግሞ ጋረደው ሆኖ ተገኘ።

አገር ጉድ አለ። የወንድምና የእህት የልጅ ልጆች ናቸው። በእኛ ወግ ሙሽሮች ከመጋባታቸው በፊት ዝምድናቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እነዚህ ከሦስት ቤት አልራቁም። ቆጠራውን የሚያውቁት ሽማግሌያችን አባ እንየው አይሆንም ብለው ዘጉት። ራሄል እህል አልቀምስም አለች። አዛናው በገላባት ድንበር በኩል አገር ሊለቅ ሻንጣውን አሰረ። አምሳለ በስኳር ፋንታ ሻዩ ላይ ጨው ትጨምር ጀመር፤ ደንበኞቿም ምላሷን ፈርተው ዝም ብለው ጠጡ።

አንድ እሑድ ሽማግሌውንና እኛን ጎረቤቶቿን ቤቷ ጠራችን፤ ጋረደውና ሁለቱ ልጆችም ነበሩ።

“አባ” አለች፣ “ጋረደው ወንድሜ አይደለም። በሰባ ሰባት ወደዚህ ስንሰደድ መተማ በረሃ ላይ ታጣቂዎች ብቻዬን አገኙኝ። ከማን ጋር ነሽ ሲሉኝ፣ አህያ የሚነዳ ጎረምሳ አየሁና ወንድሜ ነው አልኩ። እሱም ‘እህቴ ናት፤ ደግሞ ምን አጠፋች?’ አለ።”

ባሏ በሕይወት ሳለ ጭምር ቤቷ ሲገባ ሲወጣ የኖረውን ሰው ባዳ ነው ማለት ለአንዲት ሴት ስሟን ማጣት ነው። ለልጅቷ ስትል ተናገረችው። አሳዘነችኝ።

ግን ደግሞ ተናደድኩ። ያኔ በስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳለን፣ ሁለቱ እውነቱን ዛሬ ነገ እንናገራለን ሲሉ የአምሳለ እናት መርዶ መጣ። ጋረደው ምን ያድርግ? ፀጉሩን ተላጭቶ፣ አይቷት ለማያውቃት ሴት “እናቴን” እያለ ደረቱን ደቃ። እንዳይወድቅ ደግፌ የያዝኩት እኔ፣ ንፍሮ የቀቀልኩለትም እኔ። ያን ሁሉ እንባዬን ማን ይመልስልኛል?

አብሮ እንደዚያ ከተለቀሰ በኋላ፣ መዋደዳቸውን ለማን ይንገሩ? አንድ የቋራ ሰው አምሳለን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ የላከው ወደ “ወንድሟ” ነበር። ጋረደው “አስቤ ልመልስ” እያለ ሽማግሌዎቹን እስኪቆጡ አመላለሳቸው። ያን ጊዜ ኩራት መስሎን አማነው። በመጨረሻ ራሱ ዳራት።

አባ እንየው ግን ቶሎ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ለልጆቹ ብለው ሥጋቸውን የካዱ መሰላቸው። ለየብቻ አስቀምጠው ዘራችሁን ቁጠሩ አሏቸው። አምሳለ የአርማጭሆ አያቶቿን ቆጠረች፣ ጋረደው የጭልጋዎቹን። እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ የሚገናኝ ስም ጠፋ።

“ባዳ ናቸው” አሉ አባ እንየው፤ “ልጆቹ ይጋቡ።”

አዛናው “ኸላስ፣ አለቀ!” ብሎ ሻንጣውን ሊፈታ ሮጠ። ራሄል የሽማግሌውን ጉልበት ስማ ስታበቃ ምሳ ካለ ብላ ጠየቀች።

ልንነሣ ስንል ጋረደው ጉሮሮውን ጠረገ።

“አባ፣ ይህ ቆጠራ ለልጆቹ ብቻ ነው የሚሠራ?”

ሁላችንም ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። አምሳለም አልሳቀች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

“ጋረደው” አለች። “ወንድሜ” ሳትለው ስሙን ስትጠራ ገና ያን ቀን ሰማሁ። “የልጆቹ ሠርግ ይለፍ። ከዚያ እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክ። ብቻ አሁን ወንድም የለኝም፤ ወደ ማን እንደምትልክ አንተው ፈልግ።”

ወደ እኔ ይላክ ብያለሁ። የንፍሮዬን ነገር ግን አልረሳሁም፤ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔም አስቤ ልመልስ ማለቴ አይቀርም።