የቆጣሪው አራት ስምንት

ቆጣሪ ብለን የምንጠራው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። በየግቢው እየገባ የብረት ክዳን ያነሳል፣ ጎንበስ ብሎ ቁጥር ይመዘግባል፣ ውሻ ከመጣ ወደ ኋላ ይዘላል። ሁለተኛ፣ በቲያትር ቡድናችን ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ዳንሱን የሚቆጥርልን እሱ ነው። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ መድረክ ላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛዋ። ይህን የምጽፈው ጥፋቱ የሁላችንም ሆኖ ሳለ ሁሉም ዝም ስላለ ነው።

ቡድናችን የባለሙያ ቡድን አይደለም። መምህር አለ፣ ፋርማሲስት አለ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች አሉ፣ ቀን ስትተይብ ውላ ማታ ወገቧን ይዛ የምትመጣ ጸሐፊ አለች። በመጀመሪያው ዓመት የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ፊቱን ወደ ተመልካች ስላዞረ፣ መድረክ ላይ ለቆምነው ሙዚቃው የሚደርሰን እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነበር። አሥራ አራት ሰው አሥራ አራት ቦታ ተበታተነ። ያኔ ወንበር ሊደረድር የመጣው ቆጣሪ አላስችል ብሎት ከመጋረጃው ጀርባ መቁጠር ጀመረ። አቆጣጠሩም የራሱ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ክዳን» ካለ ጎንበስ እንላለን። «ውሻ» ካለ ወደ ኋላ እንዘላለን። «በር» ካለ እንዞራለን። ሰው ቢሰማን ለየላቸው ይል ነበር፤ እኛ ግን ለመድነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጨፈርነው በሙዚቃ ሳይሆን በእሱ ድምፅ ነው።

በየዓመቱ አንድ ቦታ ስጡኝ ይላል። አዘጋጃችን የጂኦግራፊ መምህሩ ነው፤ መልሱም በየዓመቱ አንድ ነው፦ አንተ ወጥተህ ማን ሊቆጥር? ለጆሮ ሙገሳ ይመስላል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሲባል ግን ሰውን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። እኔም ብያለሁ። አንተ ባትኖር እኮ እኛ ምንም አይደለንም እያልኩ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጌ ወደ መድረኬ ወጥቻለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሚኖረው ከእናቱ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ነው። እናቱ በየዓመቱ መጥተው የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ድሮ ያ ድምፅ የልጅዎ ነው ሲሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁም ቀረ። ፀጉሩን ስቆርጥለት በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ የነገረኝ ይህን ነው።

«ትናንት እማዬ ጠየቀችኝ፤ ‹ተዋናይ ነኝ ትለኛለህ፣ አንድም ቀን አይቼህ አላውቅም፤ እውነት እዚያ ነህ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እዚያ ነኝ አልኳት። እንጃ፣ እኔ ራሴም ተጠራጠርኩ።»

መቀሱን አስቀምጬ በዚያው አዘጋጁ ጋ ደወልኩ። ዘንድሮ የምንሠራው በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ የሚሆን ሙዚቃዊ ተውኔት ነበር፤ ከንግግሩ ጭፈራው ይበዛል። ዘበኛ ሆኖ የሚጫወተው ፋርማሲስታችን ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ቦታው ባዶ ነው። ዘበኛው ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲሸኝ የኖረ፣ እሱ ግን የትም ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በመጨረሻ ካፖርቱን ጥሎ መሀል ገብቶ ብቻውን ይጨፍራል፣ እኛ እንዞረዋለን። አራት ጊዜ እስከ ስምንት የሚቆጠር ጭፈራ ነው። አራት ስምንት ማለት ጫማ አስሮ ለመነሳት እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። አዘጋጁ አመነታ፣ አኮረፈ፣ በመጨረሻ እሺ አለ።

ቆጣሪ የዚያን ሰሞን ሰው መሰለ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ በጠረጴዛውና በማቀዝቀዣው መካከል ሦስት እርምጃ ይሄዳል፤ አራተኛው ላይ ክርኑ ማቀዝቀዣውን ይመታል። እናቱ እንዳያዩት ሲያንቀላፉ ጠብቆ ነው፤ መድረክ ላይ እንዲያዩለት ፈልጓል። ቦታ ሲያጥረው በሰው ግቢ ውስጥ ቆጣሪ ካነበበ በኋላ ይለማመድ ጀመር፤ አንዲት ሴትዮ የላካችሁት ሰውዬ ጠጥቶ ነው የመጣው ብለው መሥሪያ ቤቱ ድረስ ከሰሱት።

ማን ይቁጠር ለሚለው አዘጋጁ ማንም አይቆጥርም አለ። ጆሮ አላችሁ፣ ሙዚቃውን ስሙ። ፈራን፤ ግን ሁለት ወር ስንለማመድ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ልባችን አበጠ። ለካስ ያለ እሱ እንችል ነበር ተባባልን፤ እሱም ከእኛ ጋር ሳቀ። ማናችንም ያላስተዋልነው አንድ ነገር ነበር። ዘበኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድረኩ ላይ፣ በመካከላችን ነው፤ የቆጣሪም ከንፈር ከልማዱ አላረፈም። በሹክሹክታ ይቆጥር ነበር። እሱ መቁጠሩን አላወቀም፤ እኛም መስማታችንን አላወቅንም።

የእሑድ ከሰዓቱ ትርኢት አዳራሹን ሞላው። እናቱ መነጽራቸውን ወልውለው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ነገር ያለ እንከን ሄዶ የመጨረሻው ጭፈራ ደረሰ። ቆጣሪ ካፖርቱን አውልቆ ጣለ፣ መሀል ገባ። ሕዝቡ ደስ ብሎት ከሙዚቃው ጋር ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሹክሹክታው በዚያ ጭብጨባ ተዋጠ። ጸሐፊዋ መዝለል ሲገባት ጎንበስ አለች። እኔ ከባንክ ሠራተኛው ጋር ተጋጨሁ። ክቡ ፈረሰ።

ቆጣሪ ቀኝ እግሩን አንስቶ ነበር። እኛን አየ። እኔም አየሁት፤ ለራሴ ይቅር የማልለው ይህን ነው፤ በዓይኔ ለመንኩት። አፉን ከፈተ።

«አንድ! ሁለት! ሦስት! ክዳን!»

አሥራ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ሕዝቡ የተውኔቱ አካል መስሎት ሳቀ። ቆጣሪ እንደገና እግሩን ሲያነሳ ድምፁ ተቋረጠ፤ ወዲያው እኛም ተደናበርን። የእሱ እርምጃ ሌላ ነው፣ የእኛ ሌላ፤ አንድ ሰው ሁለቱን አይችልም። እግሩን ወደ ቦታው መልሶ ቆመና ቆጠረልን። ውሻ። በር። ክዳን። አራት ስምንቱ የእሱ ነበር፤ አንድ ሳያጎድል ቆጥሮ ጨረሰው። እንደዚያን ቀን አሳምረን ጨፍረን አናውቅም።

የፊት ቀለማችንን ስናጸዳ እናቱ ግድግዳ ይዘው ከመድረኩ ጀርባ ገቡ። ጆሮ ስለሌላቸው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት።

«አየሁህ ልጄ። ሁሉም ሲጨፍር አንተ ብቻ ለምን ቆምክ? ረሳኸው?»

የአራት መቶ ቤት ቆጣሪ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። እኛን አንድ በአንድ አየን። እውነቱን ሊነግራቸው የሚችል አሥራ ሦስት ሰው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣

«አዎ እማዬ፣ ረሳሁት» አለ።

አልሰሙትም። «ምን አልክ?» አሉት።

«ረሳሁት!» ብሎ ጮኸ።

አሥራ ሦስታችንም ወደ መስታወታችን ዞርን። እኔም በያዝኩት ጥጥ ቀለሙ የለቀቀ ጉንጬን መልሼ መላልሼ ጠረግኩ።