እናቴ ጫማዋን ያወለቀችበት ማማ

ነገሩ የሆነው ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሦስት ወር እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። ለአሥራ ሦስት ዓመት ስነግራት የኖርኩት አንድ ውሸት፣ ጭጋግ በዋጠው ባሕር ዳር ያበቃው ያኔ ስለሆነ ቀኑ ከአእምሮዬ አይወጣም።

ውሸቱ ይህ ነው። በሰው ቤት ከምሠራበት ከካርቱም ተነስቼ፣ በሊቢያ በኩል ባሕሩን የተሻገርኩት በላስቲክ ጀልባ ነው። ሆላንድ ገብቼ ስደውልላት ግን «አሠሪዎቼ በአውሮፕላን ላኩኝ» አልኳት። «ተመስገን! አውሮፕላኑ ላይ ምግብ ሰጡሽ?» ስትለኝ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን «ዶሮ» አልኩ። አመነችኝ ብዬ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ባሕር አጠገብ ደርሼ አላውቅም። የምኖረው ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ ነው፤ ቭላርዲንገን በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከባለሁ። ጓደኞቼ በበጋ ባሕር ዳር እንሂድ ባሉኝ ቁጥር ሥራ አለኝ እላለሁ።

እናቴ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትወጣ፣ እኔን አገላብጣ ስማ ከጠገበች በኋላ የመጀመሪያ ወሬዋ «ያልሽኝን ዶሮ ለእኔም ሰጡኝ» የሚል ነበር። እሷ ሳቀች። እኔም ደንገጥ ብዬ ሳቅኩ።

ኅዳር አሥራ ሁለት የሚካኤል ዕለት ፈቃድ ወስጄ ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት አስቤ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመችና «ዛሬ ባሕር አሳዪኝ» አለች።

«እማዬ፣ በዚህ ብርድ? ባይሆን ዴን ሃግ እንሂድ። ሱቁን ታያለሽ፣ ትራም ትሳፈሪያለሽ።»

«ሱቅ መርካቶም ሞልቷል። ባሕር ነው ያልኩሽ።»

እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። ከምንከባከባቸው አሮጊቶች አንዷ፣ ከሮተርዳም በስተደቡብ ባለ አንድ ደሴት ጫፍ ላይ ስላለ የድሮ ቩርቶረን ሁሌ ያወሩኝ ነበር። ቩርቶረን የሚሉት መርከቦች በጨለማና በጭጋግ መንገድ እንዳይስቱ የሚበራውን ማማ ነው። ከመንገዱ ላይ ሆኖ ባሕሩ ይታያል ብለውኛል። ውሃው ድረስ ሳልወርድ ከሩቅ አሳይቻት እመለሳለሁ ብዬ እዚያ ወሰድኳት።

ከአውቶቡስ ስንወርድ ግን የሚታይ ባሕር የለም። ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት ሁሉ ነገር ነጭ ጭጋግ ነው። የማዕበሉ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እሱን ስሰማ ባለሁበት ቆምኩ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ፤ የነገን የሥራ ሰዓቴን ሊቀይሩብኝ ነው። «እዚህ ቁሚ» ብያት ራቅ አልኩ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ዞር ስል እናቴ የለችም።

«እማዬ!» ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ስልክ አልያዘችም፣ ቋንቋ አታውቅም። በልቤ የመጣው ውሃው ብቻ ነው። እኔን ቢለቀኝ እሷን ሊወስድብኝ ነው ብዬ አሸዋውን ቁልቁል ሮጥኩ። ማዕበሉ ጫማዬን ሲሞላው ነው የት እንደደረስኩ ያወቅኩት። እየጮህኩ ወዲህ ወዲያ አልኩ፤ ማንም የለም።

እያለቀስኩ ወደ ላይ ስመለስ ማማው ከጭጋጉ ውስጥ ድንገት ብቅ አለ። በሩ ገርበብ ብሏል። ደፉ ላይ የእናቴ ጥቁር ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ወዲያው ገባኝ። ረጅም፣ አናቱ ክብ፣ በሩ ጠባብ፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መስሏት ነው። የተቀደሰ ቦታ ደግሞ በጫማ አይገባም።

ውስጥ በባዶ እግሯ ድንጋዩ ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ጧፍ፣ በሌላው ክብሪት። ፊት ለፊቷ መጥረጊያ የያዙ ነጭ ጢማም ሽማግሌ «ኔ ሜቭራው፣ ኔ!»፣ አይሆንም እመቤት፣ እያሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ማማውን በበጎ ፈቃድ የሚያጸዱ ሰው ናቸው። እሷ አገልጋይ መስለዋት «አባቴ፣ አንድ ጧፍ ብቻ ነው» እያለች ትለምናቸዋለች።

ድንጋጤዬ ወደ ቁጣ ተለወጠ። «እማዬ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም! በባሕር ላይ ላሉ ሰዎች የሚበራ መብራት ነው!»

«እንግዲያ ቦታው ይኸው ነው» አለች ረጋ ብላ። «ስለት አለብኝ። አንቺ ባሕር ላይ ሳለሽ የተሳልኩት።»



«ካርቱም የቀረችው ጓደኛሽ ለእናቷ ነግራ፣ እናቷ ነገረችኝ። ድምፅሽ አርባ ቀን ሲጠፋብኝ፣ ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን ከባሕር ካወጣህልኝ ባሕሩ ዳር ሄጄ ጧፍ አበራልሃለሁ አልኩት። ከዚያ ደውለሽ ዶሮ በላሁ አልሽኝ። እንዲህ ማለቱ ከቀለላት ይሁን ብዬ ተውኩሽ።»

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ እንዳላሳዝናት ስዋሽ፣ እሷ እንዳላፍር የተታለለች መስላ ኖራለች።

ሽማግሌው «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ለሰው ማስተርጎም ለምጃለሁ። ይህን ግን ለስደተኞች መሥሪያ ቤት ካልሆነ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «እኔ በትንሽ ጀልባ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «እናቴ፣ ልጄ ከተረፈች ባሕር ዳር መብራት አበራለሁ ብላ ተስላ ነበር።»

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከመደርደሪያ ላይ የመስታወት በር ያለው አሮጌ የናስ ፋኖስ አወረዱና በእጅጌያቸው ጠረጉት። «እዚህ እሳት ክልክል ነው» አሉ። «በዚህ ውስጥ ከሆነ ግን ይቻላል። ይህ ቤት የተሠራው ለዚሁ ነው።»

እናቴ ጧፉን ፋኖሱ ውስጥ እንዲገባ ለሁለት ቆርጣ አበራችው። ሽማግሌው ፋኖሱን በባሕሩ በኩል ባለው መስኮት ላይ አኖሩት። ነዶ እስኪያልቅ ሦስታችንም ቆምን። እኔ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ሰውዬው ምን አሉሽ?» አለችኝ ስንወጣ።

«ይህ ቤት የተሠራው ለዚሁ ነው አሉ።»

«ታዲያ ቤተ ክርስቲያን አይደለም ትይኛለሽ!» አለችና ትከሻዬን ተደግፋ ጫማዋን አጠለቀች።

በመልሱ ጉዞ ሁሉንም ነገርኳት። ጥማቱን፣ ሞተሩ የጠፋበትን ሌሊት፣ አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችውንና ያልደረሰችውን ልጅ ስም ጭምር። ካፔለ እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

እናቴ አገሯ ከተመለሰች ቆየች። ዛሬም በየቀኑ ትደውልና «ምን በላሽ?» ትለኛለች። ድሮ ሆዴ ባዶ ሆኖ ጥብስም ሽሮም እፈጥርላት ነበር። አሁን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሮጥ፣ ፌርማታ ላይ ቆሜ ደረቅ ዳቦ እያኘክሁ ከሆነ፣ «ደረቅ ዳቦ» እላታለሁ።